ኦሴላሪስ ክላውንፊሽን ማኖርና ፎቶ ማንሳት፦ ከባዶ ገንዳ እስከ ጥርት ያለ ምስል

በጨው ውሃ አኳሪየም ለሚጀምር ሰው ከኦሴላሪስ ክላውንፊሽ የተሻለ ዓሣ ማግኘት ይከብዳል። ካደገ በኋላ ከ8 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ ከመረጠው ጥግ ብዙ አይርቅም፣ ደረቅ ምግብ ሳያንገራግር ይበላል፣ በእርባታ የተወለደውም በቀላሉ ይገኛል። ለፎቶም ምቹ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ስለሚመላለስ ካሜራውን አዘጋጅቶ ለሚጠብቅ ሰው ራሱ ይመጣል። ፎቶው የደበዘዘ፣ ነጠብጣብ የበዛበት ወይም ቀለሙ የገረጣ ሲሆን ብዙ ሰው ካሜራውን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የውሃው፣ የመስታወቱና የዓሣው ጤና ነው። ስለዚህ ከውሃው እንነሳ፤ ሌንሱ ተራው ሲደርስ ይመጣል።

የትኛውን ዓሣ?

ወደ 30 የሚሆኑ የክላውንፊሽ ዝርያዎች አሉ፤ ጠባያቸው ግን አንድ አይደለም። ለእኛ በቅርብ የሚገኘው የቀይ ባሕሩ ባለ ሁለት መቀነት ክላውንፊሽ ነው፤ በሰሜን ከኤይላትና ከአቃባ ጀምሮ እስከ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ድረስ ይኖራል። ውብ ዓሣ ነው፤ ነገር ግን እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ግዛቱን አጥብቆ ይጠብቃል፣ ገንዳ ለማጽዳት የገባ እጅም ይነክሳል። ማሩን የሚባለው ዝርያ ደግሞ ከዚህም የባሰ ኃይለኛ ነው። ኦሴላሪስና የቅርብ ዘመዱ ፐርኩላ ረጋ ያሉ ናቸው። ሁለቱን ለመለየት ዓይናቸውን ተመልከቱ፦ የፐርኩላ የዓይን ቀለበት ደማቅ ብርቱካናማ ሲሆን የኦሴላሪስ ወደ ግራጫ ያደላል። ፐርኩላ በውሃ ጥራት ላይ ትንሽ መራጭ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሴላሪስን ያዙ።

በእርባታ የተወለደውን ምረጡ። ከባሕር የተያዘ ክላውንፊሽ በጉዞ ደክሞ ብሩክሊኔላ የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ይዞ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሪፉንም (የኮራል አለቱን) ያራቁታል። እርባታ ቤት ያደገው የገንዳ ኑሮና ደረቅ ምግብ ለምዷል።

ገንዳውና ቦታው

ለአንድ ጥንድ 60 በ45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ይበቃል። ይህ 120 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ድንጋይና አሸዋ ሲገባ ትክክለኛው ውሃ ወደ 100 ሊትር ይወርዳል። ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች በሙሉ ለ100 ሊትር የተሰሉ ናቸው። ከዚህ ያነሰ ገንዳ ርካሽ ይመስላል፤ ውሃው ባነሰ መጠን ግን ሙቀቱም ጨውነቱም ቶሎ ይለዋወጣል፣ ስህተት ለማረም ጊዜ አይሰጥም።

የሞላ ገንዳ ከነድንጋዩና ከነመስታወቱ 170 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ማስቀመጫው ይህን የሚሸከም መሆኑን አረጋግጡ፣ በአራቱም አቅጣጫ በውሃ ልክ ለኩት። የተንጋደደ ገንዳ አንድ ማዕዘን ላይ ጫና እያበዛ በወራት ውስጥ ማጣበቂያውን ይከፍታል። ከመስኮት አርቁት፤ የፀሐይ ብርሃን አልጌ ያበዛል፣ ፎቶ ሲነሳም መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል። የፊት መስታወቱ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ጥምዝ መስታወት ምስል ያጣምማል። የጀርባውን መስታወት ከውጭ በጥቁር ስቲከር ወይም በጥቁር ቀለም ሸፍኑት። ውሃ ከሞላ በኋላ ገንዳውን ከግድግዳ ማራቅ ስለማይቻል ይህን አስቀድማችሁ ጨርሱ።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦
– ከ10 እስከ 12 ኪሎ ግራም ደረቅ የሪፍ ድንጋይ፣ 12 ኪሎ ግራም አራጎናይት አሸዋ (ወለሉን 3 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል)
– ባለ 75 ዋት ማሞቂያ 2፣ የሙቀት መቆጣጠሪያና የተለየ ቴርሞሜትር
– በሰዓት ከ1,500 እስከ 2,000 ሊትር የሚገፋ ሞገድ ፓምፕ
– ለ150 ሊትር የሚበቃ ፕሮቲን ስኪመር (በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣ ማጣሪያ)
– ሪፍራክቶሜትር (የጨውነት መለኪያ) እና ባለ 35 ፒፒቲ (በሺህ 35 እጅ ጨው) ማስተካከያ ፈሳሽ
– የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬትና የፒኤች መመርመሪያ
– ኤልኢዲ መብራት፣ ለምግብ የማይውሉ 2 ባልዲዎች፣ አዲስ ዓሣ ለብቻው የሚሰነብትበት አንድ 40 ሊትር ማቆያ ገንዳ

አንድ 150 ዋት ከመግዛት ሁለት 75 ዋት ማሞቂያ የምንመክረው በምክንያት ነው። ማሞቂያ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ እንደበራ ይቀራል፤ 75 ዋት ብቻውን 100 ሊትር ውሃ ቀቅሎ ዓሣ ለመግደል አቅም ያንሰዋል። ጠፍቶ ከቀረም ሌላው እስከምትደርሱ ድረስ ይይዛል። የኤሌክትሪክ ገመድ ሁሉ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። የንዝረት መከላከያ ብሬከርም አስገቡ። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክን እጅግ በደንብ ያስተላልፋል።

የባሕር ውሃ አዘገጃጀት

የገበታ ጨው አይሆንም። ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ዓሣው፣ ቀንድ አውጣውና ኮራሉ የሚፈልጉት ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ካርቦኔት የለበትም። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ግዙ። የቧንቧ ውሃም አይሆንም፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያ ይገድላል፣ ፎስፌቱ አልጌ ይቀልባል፣ ከቧንቧ የሚወጣ መዳብ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይጨርሳል። በአርኦ ዲአይ (የሟሟ ማዕድንን በሙሉ በሚያወጣ) ማጣሪያ ያለፈ፣ የቲዲኤስ (የሟሟ ነገር) መለኪያው 0 የሚያሳይ ውሃ ተጠቀሙ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቧንቧው ውሃ ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ ንጹሕ የሚመስላቸው አሉ፤ እሱም ቤት እስኪደርስ ማዕድንና ክሎሪን የሚጨመርበት ስለሆነ ማጣራቱ አይቀርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃውን ወደ 25 ዲግሪ ሴልሲየስ አሙቁ፣ ፓምፕ አስገብታችሁ አናውጡት። ከዚያ ጨውን ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ለ100 ሊትር እንደ አምራቹ ከ3.6 እስከ 3.8 ኪሎ ግራም ይፈጃል። ሁልጊዜ ጨው ወደ ውሃ ይገባል። ጨው ላይ ውሃ ከተጨመረ ግን መጀመሪያ የሚፈጠረው ድብልቅ እጅግ የጠነከረ ስለሚሆን ካልሲየሙ ከካርቦኔቱ ጋር ተጣብቆ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ ያ ዝቃጭ ደግሞ ተመልሶ አይሟሟም። አምራቹ ሌላ ካላለ በቀር 24 ሰዓት ይናወጥና በሪፍራክቶሜትር ለኩት። ዒላማው 35 ፒፒቲ ነው፤ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ባለው ክብደት) 1.026 ማለት ነው። ሪፍራክቶሜትሩን በተጣራ ውሃ ብቻ 0 ላይ ማስተካከል አይበቃም፤ 35 አካባቢ ሲደርስ ሊሳሳት ስለሚችል በ35 ማስተካከያ ፈሳሽ አረጋግጡ።

ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። ስለዚህ በየቀኑ የጎደለውን የምትሞሉት በተጣራ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨው ያለበት ውሃ የሚገባው ውሃ ስትቀይሩ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ጀማሪ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨውነቱን ከ40 ያሳልፋል፣ ዓሣውም ምክንያቱ ሳይታወቅ ይደክማል። መስታወቱ ላይ በቀጭን ምልክት የውሃውን ልክ አስምሩ፣ በየጠዋቱ እስከዚያ ሙሉ።

ባክቴሪያውን ማልማት

ዓሣ በስንጥቡ (በመተንፈሻ አካሉ) አሞኒያ ያወጣል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል። እነዚህ ድንጋዩ ላይ እስኪሰፍሩ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ዓሣ ማስገባት ስንጥቡን ማቃጠል ስለሆነ ያለ ዓሣ ይለማ።

1. ድንጋዩን በወለሉ መስታወት ላይ አጽንታችሁ አስቀምጡ፣ አሸዋውን ከዚያ በኋላ ዙሪያውን አፍስሱ። ድንጋይ በአሸዋ ላይ ከተቀመጠ የሚቆፍሩ እንስሳት ያናዱታል። የውሃው ሙቀት 26 ዲግሪ፣ ጨውነቱ 35 ይሁን። መብራትም ስኪመርም አታብሩ።

2. ንጹሕ አሞኒየም ክሎራይድ፣ ሽቶም ሳሙናም የሌለበት፣ አዘጋጁ። 63 ግራሙን በተጣራ ውሃ አሟሙታችሁ ጠቅላላውን 1 ሊትር አድርጉት። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ለ100 ሊትር ገንዳ ስትጨምሩ አሞኒያው 2 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ ጻፉበት፣ ከልጆች አርቁት።

3. በጠርሙስ የሚሸጠውን የባሕር ባክቴሪያ ጨምሩ። በየሁለት ቀኑ አሞኒያና ናይትራይት ለኩ። አሞኒያው ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፤ ናይትራይቱ የሚወርደው ዘግይቶ ነው፣ አትቸኩሉ። አሞኒያው ሳይወርድ ደጋግማችሁ አትጨምሩ፤ ከ4 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን ባክቴሪያው ራሱ ይታፈናል።

4. 10 ሚሊ ሊትሩን ጨምራችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያም ናይትራይትም 0 ከሆኑ ገንዳው ደርሷል። ግማሹን ውሃ ቀይራችሁ ናይትሬቱን ከ20 በታች አውርዱ።

ከዚህ በኋላ ድንጋዩንና አሸዋውን ቡናማ ሽፋን ያለብሰዋል። ዲያቶም ነው፤ ከአዲስ ድንጋይና አሸዋ በሚወጣ ሲሊካ ይኖራል፣ ሲያልቅበት በሳምንታት ይጠፋል። መድኃኒት አያስፈልገውም።

ለአዲስ አበባና ለሌሎች ደጋ ከተሞች

ስለ ጨው ውሃ የተጻፈ ምክር አብዛኛው በባሕር ጠለል ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳር ሲነጻጸር ወደ ሩብ በሚጠጋ ያንሳል። ጨውና ሙቀት ደግሞ በበኩላቸው ይቀንሱታል። ስለዚህ የሞገድ ፓምፑ አፍ ወደ ላይ ቀና ብሎ የውሃውን ገጽ ያለማቋረጥ ያናውጥ፣ ገንዳው በጠባብ መክደኛ አይታፈን፣ ሙቀቱን ከ26 አታሳልፉ፣ ዓሣም አታብዙ።

መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ ዓሣው ብቻ ሳይሆን ድንጋዩ ላይ ያለው ባክቴሪያም ይተነፍሳል። መብራት ሲቋረጥ በራሱ የሚነሳ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከስኪመሩ በፊት እሱን ግዙ። ማሞቂያውን በዩፒኤስ ለማቆየት መሞከር ባትሪ መጨረስ ነው፤ ፓምፑን ብቻ አገናኙ። ሌሊት ከሆነ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ የላዩን ክፍት ተዉ። መብራት እስኪመለስ ምግብ አትስጡ።

በዱባይ ወይም በሪያድ ያለ ሰው ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ በጋ ላይ አየር ማቀዝቀዣ የጠፋበት ቤት ውስጥ ገንዳው 30 ያልፋል። ከውሃው ገጽ በላይ የሚነፍስ ማራገቢያ ጥቂት ዲግሪ ያወርዳል፣ ትነቱ ግን ስለሚጨምር በቀን ሁለቴ መሙላት ግድ ይላል።

ዓሣውን መምረጥና ማስገባት

ክላውንፊሽ ሁሉ ወንድ ሆኖ ያድጋል፤ ከጥንዱ የበላይ የሆነው ወደ ሴት ይለወጣል። ስለዚህ የጾታ ጭንቀት የለባችሁም፦ በመጠን በግልጽ የሚለያዩ ሁለት ትናንሽ ዓሦች ውሰዱ፣ ትልቁ ሴት ይሆናል። እኩል ትልልቅ ከሆኑ ይዋጋሉ። ሦስት አታድርጉ፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ሦስተኛው ይባረራል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሲበላ አሳዩን በሉ። ክንፉ የተዘረጋ፣ ነጩ መቀነቱ ጥርት ያለ፣ ዓይኑ ያልደበዘዘ፣ ትንፋሹ ያልተጣደፈ መሆን አለበት። ሻጩን ውሃው ስንት ፒፒቲ እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ መደብር ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል። የማቆያ ገንዳችሁን ጨውነት ከዚያ ጋር አስተካክሉ፣ ከዚያ በቀን ከ1 እስከ 2 ፒፒቲ እያሳደጋችሁ 35 አድርሱት። ከረጢቱን ሳትከፍቱ ለ20 ደቂቃ አንሳፍፉ፣ ከዚያ ዓሣውን ብቻ አስገቡ፤ የከረጢቱን ውሃ አፍስሱት። ረጅም መንገድ የመጣ ከረጢት ከተከፈተ በኋላ ለሰዓታት ማንጠባጠብ ይጎዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣ ፒኤቹ ከፍ ይልና ጉዳት የማያደርስ የነበረው አሞኒየም መርዛማ አሞኒያ ይሆናል።

ማቆያ ገንዳው ባዶ ወለል፣ ስፖንጅ ፊልተርና ለመደበቂያ የቧንቧ ቁራጭ ይኑረው። ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆዩ። የሚከሰቱት በሽታዎች በዋናነት ሦስት ናቸው።

ብሩክሊኔላ የክላውንፊሽ ዋና ጠላት ነው። ገላው ላይ ወፍራም ነጭ ንፍጥ ይለጠፋል፣ ቆዳው ይላጣል፣ በሁለት በሦስት ቀን ይገድላል። የሚሠራው ፎርማሊን ነው፤ በመድኃኒቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ በጓንት፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ኦክስጅን ስለሚያሳጣ በኃይለኛ አየር ታግዞ።

ነጭ ነጠብጣብ ሲባል ክሪፕቶካሪዮን ነው፤ ክንፍና ገላ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። ተሕዋሱ ከዓሣው ወርዶ ወለል ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ተባዝቶ ይመለሳል። ስለዚህ ዓሣውን በየ72 ሰዓቱ፣ 4 ጊዜ፣ ንጹሕና ደረቅ ወደሆነ ሌላ ገንዳ ማዘዋወር ያለ መድኃኒት ይነቅለዋል። ዋናው ገንዳ ከተያዘ ለ76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆይ። የመዳብ መድኃኒት የምትጠቀሙ ከሆነ በማቆያው ብቻ፤ ዋናው ገንዳ ውስጥ ከገባ ድንጋዩ ይመጠውና ሽሪምፕ ለረጅም ጊዜ አይኖርበትም።

ሦስተኛው ቬልቬት ነው። ወርቃማ አቧራ የመሰለ ሽፋን፣ የተጣደፈ ትንፋሽ፣ ከብርሃን መሸሽ። በጣም ፈጣን ነው፤ በዚያው ቀን መዳብ ካልተጀመረ አይተርፍም።

በሽታ የሚመስል ግን ያልሆነም አለ። ትንሹ ዓሣ ትልቁ አጠገብ ሲደርስ በጎኑ ዘንበል ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ መገዛቱን መግለጹ ነው፣ ጥንድነቱ መጽናቱንም ያሳያል። ሌሊት ደግሞ ጥግ ላይ፣ አንዳንዴም በጎኑ ተንጋዶ ይተኛል። መብራት አብርታችሁ አትቀስቅሱት።

ዕለታዊና ሳምንታዊ ሥራ

በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ1 ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ያህል ብቻ አብሉ፦ ጠዋት ደቃቅ ፔሌት፣ ማታ የቀዘቀዘ ማይሲስ ሽሪምፕ። የቀዘቀዘውን በገንዳው ውሃ አቅልጣችሁ ፈሳሹን ድፉ፤ ፎስፌት ይዟል። በየሳምንቱ 10 ሊትር ውሃ ቀይሩ፤ ከ360 እስከ 380 ግራም ጨው ይወስዳል፣ ሙቀቱና ጨውነቱ ከገንዳው ጋር ይመሳሰል።

ለጽዳት 6 ያህል ትሮከስ ቀንድ አውጣና አንድ ባለ ነጭ ጀርባ መስመር አጽጂ ሽሪምፕ ከዓሦቹ አንድ ወር በኋላ አስገቡ። ጓደኛ ካስፈለገ አንድ ፋየርፊሽ ወይም አንድ ሮያል ግራማ ይበቃል። ሰማያዊ ታንግ በፎቶ ከክላውንፊሽ ጋር ስለሚታይ ብዙዎች ይገዙታል፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ዋናተኛ ስለሆነ ለዚህ ገንዳ አታምጡት።

አኒሞኒ (ክላውንፊሽ በተፈጥሮው የሚጠለልበት ተናዳፊ የባሕር እንስሳ) ግዴታ አይደለም። ክላውንፊሽ ያለ እሱ በጤና ይኖራል፣ ይፈለፍላልም። ከፈለጋችሁ ገንዳው ቢያንስ 6 ወር ይሙላው፣ ባበል ቲፕ የሚባለውን ምረጡ፣ ብርቱ መብራት ስጡት። ቦታ ካልተስማማው ይራመዳልና ፓምፑን በስፖንጅ መረብ ሸፍኑ፤ ፓምፕ የፈጨው አኒሞኒ ገንዳውን በሙሉ ይመርዛል። ኦሴላሪስ በተፈጥሮው ባበል ቲፕን አይመርጥም፣ ስለዚህ ለወራት ዞር ብሎ ባያየው አይግረማችሁ።

ፎቶ፦ ከመነሳቱ በፊት

መስታወቱን የምታጸዱት ፎቶ ከምታነሱበት ቀን አስቀድማችሁ ነው። በዕለቱ የተፋቀ አልጌ ውሃው ውስጥ ተበትኖ ሌንሱ ፊት ይንሳፈፋል። በማግኔት ስትፍቁ ወደ አሸዋው አትጠጉ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በማግኔቱና በመስታወቱ መካከል ከገባች ለሁልጊዜ የሚቀር ጭረት ታኖራለች። ውጭውን በተጣራ ውሃ በረጠበ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ወልውሉ። አሞኒያ ያለበትን የመስታወት ርጭት አታስጠጉት።

በሰዓቱ መጋረጃ ዝጉ፣ የክፍሉን መብራት አጥፉ፣ ጥቁር ልብስ ልበሱ። መስታወቱ ላይ የምታዩት ነጭ ጥላ ብዙውን ጊዜ የራሳችሁ ሸሚዝ ነው። ስኪመሩንና ፓምፑን አቁማችሁ ብናኙ እስኪዘቅጥ 5 ደቂቃ ጠብቁ። በደጋ ከተማ ፓምፑን ከ15 ደቂቃ በላይ አታቁሙ፤ ሰዓት ሙሉ፣ አለበለዚያ በፎቶ ተጠምዳችሁ ትረሱታላችሁ።

ሌንሱ ከመስታወቱ ጋር ቀጥ ብሎ ይቁም። በጎን ሲታይ ብርሃኑ በመስታወቱና በውሃው ውስጥ ስለሚሰበር የዓሣው ዳር ቀይና ሰማያዊ ክር ያወጣል፣ ጥራቱም ይጠፋል። የትኛውም ውድ ሌንስ ይህን አያድንም። ዓሣው ጥግ ላይ ከሆነ ካሜራውን አታዙሩ፣ እናንተ ተንሸራታችሁ ፊት ለፊቱ ሁኑ። የጎማ ሌንስ ኮፈን ከመስታወቱ ጋር ቢገጥም ነጸብራቁን ይዘጋል። ካሜራው በዓሣው ዓይን ልክ ይሁን፤ ከላይ ወደ ታች የተነሳ ክላውንፊሽ ጀርባ ብቻ ነው።

በገንዳው መብራት ማንሳት

ማክሮ ሌንስ (በጣም በቅርብ የሚያነሳ) ከ90 እስከ 105 ሚሊ ሜትር ተመራጭ ነው፤ በትንሽ ሴንሰር ካሜራ 60ም ይሆናል። ማኑዋል ላይ አድርጉና በዚህ ጀምሩ፦ ሸተር 1/250 ሰከንድ፣ አፐርቸር ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ እስከ 3200 በራሱ እንዲወጣ፣ ፎከስ ተከታታይ፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል)። ክላውንፊሽ ቆሞም ቢሆን ገላውን ያወዛውዛል፤ ከ1/160 በታች ጭራውና ክንፉ ይደበዝዛል።

የኤልኢዲውን ሰማያዊ ቀንሱ፣ ነጩን ጨምሩ። በሰማያዊ ብርሃን ዓሣው ለዓይን ያበራል፣ ካሜራው ግን ብርቱካናማውን ዝርዝር የሌለው ቀይ ዝርግ ያደርገዋል፤ አብዛኛው ካሜራ ዋይት ባላንሱን (የነጭ ቀለም ማስተካከያውን) ከ10,000 ኬልቪን በላይ ስለማይወስድም ማስተካከል አይችልም። ነጭ የፕላስቲክ ካርድ ገንዳው ውስጥ ዓሣው በሚዋኝበት ቦታ አስገብታችሁ ከሱ ላይ ዋይት ባላንስ ያዙ።

ፎቶው ላይ ጥቁርና ነጭ አግድም ጭረቶች ከታዩ ብልሽቱ የካሜራው አይደለም። ብርሃኑ የተቀነሰ ኤልኢዲ በፍጥነት እየጠፋ ይበራል፤ ኤሌክትሮኒክ ሸተር ያንን ይይዘዋል። ወደ ሜካኒካል ሸተር ቀይሩ፣ መብራቱንም 100 በመቶ አድርጉ።

ሂስቶግራሙን (የብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) በሦስቱ ቀለም ለይታችሁ እዩ። ጠቅላላው ደህና ሲመስል ቀዩ ብቻውን ከቀኝ ጠርዝ ይወጣል፤ ያኔ የቅርፊቱ ዝርዝር ጠፍቷል። ነጩ መቀነትም ቶሎ ይቃጠላል። ብርሃኑን ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ቀንሳችሁ አንሱ፤ ጥቁሩን ኋላ ማንሳት ይቻላል፣ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም።

ፎከሱ ዓይኑ ላይ ነው። ዓሣውን በካሜራ አታሳዱ። ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የሚመላለስበት መስመርና ፊቱን የሚያዞርበት ነጥብ አለው። እዚያ ነጥብ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ ጠብቁ፣ ዞሮ ወደ እናንተ ሲያይ በተከታታይ ከ5 እስከ 6 ፎቶ አንሱ። ቀድማችሁ አብሉት፤ የተራበ ዓሣ ምግብ ፍለጋ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ስታነሱ ግን ምግብ አታስገቡ፣ ብናኙ ምስሉን ያበላሻል።

በፍላሽ

የካሜራው ላይ ፍላሽ መስታወቱን እንጂ ዓሣውን አያበራም። ፍላሹን በገመድ አልባ ማስነሻ ከገንዳው በላይ፣ ከውሃው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ ወደ ታችና በትንሹ ወደ ኋላ መስታወት አዙሩ። በግልጽ ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በገመድ እሰሩት፤ ውሃ ውስጥ የወደቀ ፍላሽ ይበላሻል፣ ለሰውም አደገኛ ነው። መነሻው 1/200 ሰከንድ፣ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 200፣ ፍላሽ 1/4 ኃይል። በዚህ ልክ የገንዳው ሰማያዊ መብራት ምስሉ ላይ ምንም አይጨምርም፣ ብርቱካናማው በትክክለኛ መልኩ ይወጣል። ሆዱ ሥር ጥላ ከበዛ ከምስሉ ውጭ፣ አሸዋው ላይ ነጭ ፕላስቲክ አስቀምጡ፤ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሳል። ብናኝ ነጭ ነጥብ ሆኖ ከታየ ፍላሹን ከሌንሱ ይበልጥ አርቁት።

በስልክ

የስልኩን 2 ወይም 3 እጥፍ ሌንስ ተጠቀሙ፤ ሰፊው ሌንስ በቅርብ ያጣምማል። ብርቱካናማ ጄል ፊልተር ሌንሱ ላይ ለጥፉ፣ ሰማያዊውን ይቆርጠዋል። ስልኩን መስታወቱ ላይ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ዓሣው ላይ ጣታችሁን ይዛችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፣ ከዚያ ብርሃኑን ነጩ መቀነት መስመሩ እስኪታይ ቀንሱ። ፍላሹ ይጥፋ።

ማረም

ሮው ፋይሉን ስትከፍቱ የዋይት ባላንስ መምረጫውን የነጩ መቀነት መሃል ላይ ጫኑ፤ ዳሩ ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ መሃሉ ይሻላል። ይህ አንድ ጠቅታ አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳል። ከዚያ የብርቱካናማውን ሙሌት ቀንሱ እንጂ አትጨምሩ፤ ብናኞቹን አጥፉ፣ ጀርባውን ጥቁር አጥቁሩ። ክላሪቲ ሲበዛ ገላው የፕላስቲክ ይመስላል።

እንቁላል ላይ

ጥንዱ ከበረታ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ያስቀመጣችሁለትን የሸክላ ንጣፍ በአፉ ማጽዳት ይጀምራል፤ በቀናት ውስጥ ብርቱካናማ እንቁላል ይደረደራል። ወንዱ በክንፉ ያናፍሰዋል፣ ሴቷ ትጠብቃለች። እንደ ሙቀቱ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ፣ ጨለማ ከወረደ በኋላ ይፈለፈላል። ለፎቶ ምርጡ ጊዜ ከመፈልፈሉ በፊት ያሉት ሁለት ቀናት ናቸው፤ በእያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ ሁለት ብር የመሰሉ ዓይኖች ይታያሉ። በ1 ለ1 ማክሮ፣ ኤፍ 16፣ ፍላሹ ከጎን ሆኖ፣ ወንዱ ለአፍታ ዞር ሲል አንሱ። ካሜራውን አጽንታችሁ ከ5 ደቂቃ በላይ አትቆዩ፤ የተረበሸ ጥንድ እንቁላሉን ይበላዋል።